የላኬምባው ሙፍቲ

ግብፃዊው ሸይኽ ታጁዲን አል-ሂላሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ከሊባኖስ ተነሥተው ሲድኒ የገቡት በጎብኚ ቪዛ ነበር። ዐሥርት ዓመቱ ሳያልቅ የአውስትራሊያ ሙፍቲ ተባሉ። ለዚህ ያበቃቸው እውቀታቸው ብቻ አይደለም፤ የስደተኛ ማኅበረሰብ ፖለቲካም እጁ አለበት።

በ1975 የፈነዳው የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙዎች በሲድኒው ሰፈር በላኬምባና አካባቢው ሰፍረዋል። የሰፈሩን ትልቅ መስጊድ የሚያስተዳድረው የሊባኖስ ሙስሊሞች ማኅበር ነው። ሸይኹ ኢማም የሆኑት በዚሁ መስጊድ ነው። የኢማም ሥራ ሶላት ማሰገድ ብቻ አይደለም፤ ኒካሕ ያስራል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ጀናዛ ያሰግዳል። እንዲህ ያለ ሰው ዘንድ በምርጫ ሰሞን እጩ ቢመላለስ አይገርምም።

በ1986 የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ ክሪስ ኸርፎርድ ሸይኹን ከአገር ሊያስወጡ ተነሡ። ደጋፊዎቻቸው ጉዳዩን ይዘው ወደ ገዢው ሌበር ፓርቲ ሄዱ። የፓርቲው የብላክስላንድ እንደራሴ ፖል ኪቲንግ ብዙ ሙስሊም መራጭ ነበራቸው። ሸይኹ በ1988 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ስለ አይሁድ የተናገሩት ብርቱ ቁጣ ቢቀሰቅስም በ1990 ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አገኙ። የሙፍቲነቱን ማዕረግ የሰጣቸው የአውስትራሊያ የእስልምና ምክር ቤቶች ፌዴሬሽን ነው፤ ጊዜው ሲታይ ማዕረጉ ከመባረር የሚጠብቅ ጋሻም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ ጋሻው ለአንድ ሰው ቢሠራም ስሙ የሁሉ መሆኑ ነበር። በኦበርን የሚገኘው የጋሊፖሊ መስጊድ ኢማሞች የሚላኩት ከቱርክ መንግሥት የሃይማኖት ጉዳዮች ቢሮ ነው፤ ላኬምባ የሚሰበከው አይመለከታቸውም። ጋዜጠኛ ግን ስለ ሙስሊም ሲጽፍ የሚደውለው ለሙፍቲው ነበር።

በ2005 ሸይኹ የታገተውን አውስትራሊያዊ ዳግላስ ዉድ ለማስለቀቅ ባግዳድ ሄዱ፤ መንግሥት ባቋቋመው የሙስሊሞች አማካሪ ቡድን ውስጥም ተቀመጡ። በ2006 ረመዳን በዐረብኛ ያደረጉት፣ ያልተሸፈነችን ሴት ክዳን ከሌለው ሥጋ ጋር ያመሳሰለው ስብከት በኦክቶበር ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ አወገዙት፤ ሙስሊም ሴቶችም በአደባባይ ተቃወሙት። የመስጊዱ ማኅበር ለጊዜው ከስብከት አገዳቸው።

በጁን 2007 የአውስትራሊያ ኢማሞች ምክር ቤት የሜልበርኑን ሸይኽ ፈህሚ ናጂን በእሳቸው ምትክ ሙፍቲ አድርጎ ሰየመ። በዚህ ጊዜ መራጮቹ ከየክፍለ ግዛቱ የተሰባሰቡ ኢማሞች ነበሩ።