የእናቴ ትንፋሽና የቡታጅራ ሕፃናት

እናቴ ወደ እስራኤል የመጣችው በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ነው። ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ የተሳፈረበት ጊዜ ማለት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እኛ ባደግንበት በፔታ ትክቫ የሽናይደር የሕፃናት ሆስፒታል የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው።

እናቴ ጎንደር ሳለች ጭስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ነው ያደገችው። ደረቷ ሲር ሲር ማለት የጀመረው ግን እዚህ ከመጣች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ «ብርድ ነው» አለች። ቆይቶ የኩፓት ሆሊሙ ሐኪም አስም መሆኑን ነግሮ ማሽኤፍ ሰጣት። እሷ እስካሁን አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፦ «እዚያ ጭስ ነበር፤ እዚህ የለም። ታዲያ ለምን እዚህ ያዘኝ?»

እኔም የምርምር ተማሪ ስሆን ይህንን ጥያቄ ይዤ ወደ ድሮ ጽሑፎች ገባሁ። መልስ ፍለጋ ሄጄ ያገኘሁት ግን ሌላ ጥያቄም ነው፦ እንዲህ ያለ ጥናት በማን ገንዘብ ይሠራል?

በ1997 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ኃይሌ የማነብርሃንና ባልደረቦቹ በጅማ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በከተማውና በዙሪያው ገጠር ከ12,000 በላይ ሰው ጠይቀዋል። አስም ከገጠር ይልቅ ከተማ ውስጥ በዝቶ ተገኘ። በ2001 ደግሞ እዚያው ጅማ የተደረገ ሌላ ጥናት ወጣ፤ በአንጀታቸው የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ዕድል ያነሰ ነበር። ትል ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ደም ማነስ ያመጣል፣ ልጅ ያቀጭጫል። ነገር ግን ሰውነት ትልን ሲታገል የአለርጂ ጠባዩ ይለወጥ ይሆን የሚለውን ሐሳብ አጠናከረ።

እዚህም ቢሆን ነገሩ ታይቷል። በ1990ዎቹ ፕሮፌሰር ጽቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቹ ገና የገቡ የኢትዮጵያ ዓሊሞችን ደም መርምረው የሰውነት መከላከያቸው በጣም የነቃ መሆኑን አዩ፤ ይህንንም ከአንጀት ትል ጋር አያያዙት። እነሱ ያጠኑት የነበረው ግን ኤድስን ነው እንጂ አስምን አይደለም። በ1999 ደግሞ በእስራኤል ያሉ ሐኪሞች በኢትዮጵያ ዓሊሞች ላይ ያልተለመደ የአስም ብዛት ማየታቸውን በአንድ የቤተሰብ ሕክምና መጽሔት ጻፉ። ስለዚህ የእናቴ ጥያቄ የብቻዋ አልነበረም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከሁሉም በላይ የገረመኝ የቡታጅራ ታሪክ ነው። በ2005 ገደማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለችው ቡታጅራ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተመዘገቡ። ጥናቱን ያቋቋመችው ሻርሎት ሃንሎን የተባለች እንግሊዛዊት የአእምሮ ሐኪም ናት። ገንዘቡን ያገኘችው ከዌልካም ትረስት ሲሆን፣ ለጀማሪ ተመራማሪዎች በሚሰጥ የሥልጠና ድጎማ ነበር። ዓላማዋ የእናቶች የአእምሮ ጭንቀት በወሊድና በሕፃኑ ላይ የሚያመጣውን ማወቅ ነው። ስለ አስም አንድም ነገር አልነበረበትም እኮ!

እናቶቹ ግን ተመዝግበዋል፣ ሕፃናቱም ተወልደዋል። ስለዚህ ሌሎች ተመራማሪዎች እነዚያኑ ሕፃናት በ1 ዓመታቸውና በ3 ዓመታቸው ስለ ደረት ሲር ሲርታና ስለ ቆዳ አለርጂ ተከታተሏቸው። በ2011 አለማየሁ አምበርብር በመጀመሪያ ጸሐፊነት ውጤቱን አሳተመ። ፓራሲታሞል አብዝተው የወሰዱ ሕፃናት ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ዕድል ጨምሮ ታየ፤ መድኃኒቱ አመጣው ለማለት ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ልጆቹ ቀድሞውኑ ታመው ሊሆን ይችላልና። ትልን በሚመለከት ደግሞ በሕፃናቱ ላይ የተገኘው በጣም ጥቂት ስለነበረ መልስ መስጠት አልተቻለም።

ይህንን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ለአንዲት ጀማሪ ሐኪም የተሰጠ ድጎማ፣ ሰጪዎቹ ያላሰቡትን ጥያቄ ለማንሳት በር ከፈተ። አስም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ነው፤ ለማወቅ ልጅ እስኪያድግ መጠበቅ አለ። ጀማሪ ተመራማሪ ደግሞ የሚልጋው ጊዜ እስኪያልቅ ነው ጊዜ ያለው። ስለዚህ ብዙዎች ቶሎ የሚያልቅ ጥያቄ ይመርጣሉ። ረጅሙን የሚጀምር ከሌለ ግን ከዓመታት በኋላ የሚከታተለው ሕፃን አይኖርም።

እዚህ አገር የገንዘቡ መንገድ ምን ይመስላል? የእስራኤል ሳይንስ ፋውንዴሽን ድጎማ የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲ ወይም በምርምር ተቋም ቦታ ለያዙ ሰዎች ነው። እስራኤል ከ1996 ጀምሮ በአውሮፓ የምርምር ፕሮግራም ውስጥ ስላለች፣ ዶክትሬታቸውን ከጨረሱ ጥቂት ዓመት የሆናቸው ተመራማሪዎች እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ የጀማሪዎች ድጎማ መጠየቅ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ላለነው ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት የዕቅድና የበጀት ኮሚቴ፣ ቫታት የምንለው፣ ለኢትዮጵያ ተወላጅ የምርምር ተማሪዎች የተለየ ሚልጋ አለው። ብዙዎቻችሁ ስሙን እንኳ አልሰማችሁም ይሆናል፤ እኔም የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

እኔ አሁን የማመልከቻ ቅጽ እየሞላሁ ነው። ጥያቄዬ፣ እኛ እዚህ የተወለድነው፣ ትሉንም ጭሱንም የማናውቀው፣ አስማችን እንደ እናቶቻችን ነው ወይስ እንደ ጎረቤቶቻችን የሚል ነው። አማካሪዬ «ጥያቄው ረጅም ነው፣ አሳጥሪው» አለኝ። ልክ ነው፣ ማሳጠር አለብኝ። ግን ዛሬ የሚመዘገቡት ቤተሰቦች ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ሰው ጭምር እንዲቆዩ አድርጌ ነው የማሳጥረው።

ለእናቴ ስነግራት «ይከፍሉሻል?» አለችኝ። «ከተቀበሉኝ አዎ» አልኳት። ማሽኤፏን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና «እንግዲያው መጀመሪያ እኔን መዝግቢኝ» አለች።