በድርቅ የማይከዱን የጓሮ ተክሎች፦ ታሪካቸው ምን ይመክረናል?

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዝናብ ሲቀርና ውሃ ሲጠፋ የማይከዳን የጓሮ ተክል የትኛው ነው?» ከመመለሴ በፊት ወደ ኋላ መለስ ብለን የሦስት ተክሎችን ታሪክ እንይ። ምክሩ እዚያው ውስጥ አለ።

ከሽፈራው እንጀምር። ኮንሶ ዝናብ የሚያጥርበት፣ ድንጋይ የበዛበት አገር ነው። ሕዝቡ ግን ከ400 ዓመት በላይ እርከን እየካበ ኖሮበታል። ይህ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ እርከኑ ሁሉም ያወራል፤ እስቲ ጓሮውን ደግሞ እዩት። ሽፈራው በየግቢው አለ። ወፍራም ግንዱ ውሃ ስለሚይዝ ደረቁን ወቅት ይችላል። ቅጠሉ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተቀቅሎ ኩርኩፋ ይሆናል። ጎመን ውሃ አጥቶ ሲደርቅ፣ ሽፈራው ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ሁለተኛው እንሰት ነው። በ1977 ዓ.ም ረሃብ ሰሜኑ ክፉኛ ሲጎዳ፣ እንሰት የሚያለማው ደቡብ የተሻለ ተቋቁሟል። ምክንያቱም እህል በአንድ ክረምት ዝናብ ይወሰናል፤ እንሰት ግን ለዓመታት ጓሮ ቆሞ ሲቸግር ይቆረጣል። ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ይቆያል። እዚህ ላይ የሚያስቆጭ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ እንሰት እዚያም እንደሚበቅል ጽፏል፣ ሥዕሉንም አስፍሯል። ዛሬ በሰሜኑ ብዙዎቻችን የምናውቀው ኮባ ብለን ቅጠሉን ለዳቦ መድፊያ ስንቆርጥ ነው። ተክሉ ጓሯችን ቆሞ አሠራሩን ካላወቅን ከረሃብ አያድነንም።

ሦስተኛው በለስ ነው። መነሻው ሜክሲኮ ሲሆን ትግራይ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በለስ የአየር ቀዳዳውን የሚከፍተው ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ነው፤ ስለዚህ ውሃ አያባክንም። ፍሬው የሚደርሰው ደግሞ በክረምት፣ ጎተራ በሚራቆትበትና አዲሱ እህል ባልደረሰበት ወቅት ነው። እሾሁ ተለብልቦ ለከብትም ይሆናል። ሆኖም ለቀለም ሥራ ተብሎ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ከቁጥጥር ወጥቶ በደቡብ ትግራይ ብዙ በለስ አጥፍቷል። እንሰትንም አጠውላጊ በሽታ ካገኘው ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። «የትኛው አንድ ተክል?» ለሚለው መልሴ «አንድ ብቻ አይሁን» ነው። ድርቅን የቻለ በበሽታ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ፦

1. በአየር ጠባያችሁ ምረጡ። ቆላ ከሆናችሁ ሽፈራውና የርግብ አተር፤ ደጋና ወይና ደጋ ከሆናችሁ እንሰት። ሽፈራው ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ አትትከሉት፣ ሥሩ ይበሰብሳል።

2. ድርቅ ቻይ ማለት ውሃ የማይፈልግ ማለት አይደለም። ችግኝ እስኪጸና ድረስ ይጠማል። በክረምት መግቢያ ትከሉት፣ ሥሩን በገለባ ጉዝጓዝ ሸፍኑት፣ አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉት።

3. የታመመ እንሰት የቆረጣችሁበትን ቢላዋ በእሳት ሳትለበልቡ ጤነኛው ላይ አታሳርፉ።

4. አዘገጃጀቱን ከሚያውቁ እናቶች ተማሩ፤ ልጆቻችሁም ጥጋብ እያለ ይልመዱት።

ኮንሶዎች ሽፈራውን የተከሉት ድርቅ ሲገባ አልነበረም። እናንተም ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ጉድጓዱን አሁን ቆፍሩ።

መልካም የተከላ ጊዜ!