ህንደኬ፦ ስም የመሰለ ማዕረግ፣ አገር የቀየረ ስም

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን የጃንደረባውን ታሪክ በልጅነቱ ያልሰማ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁንና በታሪኩ ውስጥ ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ ሳይመረመሩ ይታለፋሉ። አንዱ «ህንደኬ»፣ ሌላው «ኢትዮጵያ» ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ግዕዙም አማርኛውም ህንደኬን እንደ ተጸውዖ ስም ስለሚያነብቡት አንባቢው በዚህ ስም የምትጠራ አንዲት ንግሥት እንደነበረች ይረዳል። በግሪኩ «ካንዳኬ» የሚለው ቃል ግን ከግብፅ በስተደቡብ በዓባይ ዳር ይኖሩ የነበሩት የመርዌ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ለነገሥታት ቤት ታላላቅ ሴቶች የሚሰጡት ማዕረግ ነበር። ማዕረጉ የምትነግሠዋን ሴት ብቻ ያመለክት እንደሆነ ወይም የንጉሡን እናትና እኅት ይጨምር እንደሆነ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም። ማዕረግ ለመሆኑ ግን ክርክር የለም። ባዕድ ጸሐፊ ስለ እኛ ሲጽፍ «እቴጌ የምትባል ሴት ነበረች» ቢል ምን ያህል እንደምንስቅ ማሰብ ይበቃል። ሮማዊው ፕሊኒ ራሱ በ1ኛው መቶ ዓመት ይህ ስም ለብዙ ዘመን ከንግሥት ወደ ንግሥት ሲተላለፍ እንደኖረ ጽፏል።

ከነዚህ ሴቶች አንዷን ግሪካዊው ጸሐፊ ስትራቦን በደንብ ያስታውሳታል። አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ ወንዳወንድ ንግሥት ነበረች ይላል። ሠራዊቷ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ገደማ በሮማውያን እጅ የነበሩትን አስዋንንና ፊላይን ወርሮ የአውግስጦስን ሐውልቶች ማረከ። የሮማው አገረ ገዥ ፔትሮንዮስም እስከ ናፓታ ከተማ ድረስ ዘመተ። በ1910 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጋርስታንግ መርዌን ሲቆፍር ከአንድ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ደረጃ ሥር የአውግስጦስን የነሐስ ራስ አገኘ፤ ገቢና ወጪው ሁሉ እንዲረግጠው የተቀበረ ይመስላል። የሉቃስ ጃንደረባ የመጣው እንግዲህ ሮማን ተዋግቶ በቃል ኪዳን ከታረቀ መንግሥት ነው። የአንዲት ታላቅ ንግሥት ግምጃ ቤት አዛዥ በሠረገላ እስከ ኢየሩሳሌም መሄዱም ከዚህ አንጻር ሲታይ የሚያስደንቅ አይደለም።

መርዌ ከካርቱም ወደ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዓባይ ምሥራቃዊ ዳር የምትገኝ ፍርስራሽ ከተማ ናት። ታዲያ ሉቃስ ሰውየውን ለምን ኢትዮጵያዊ አለው? በግሪክኛ «አይቲዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ስም ስለነበረ ነው። የሰባ ሊቃናት ትርጉም አዘጋጆችም በዕብራይስጡ «ኩሽ» የሚለውን የአገር ስም በዚሁ ቃል ተረጎሙት። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል፦ በዘፍጥረት 10 የካም ልጅ «ኩሽ» ሲባል፣ በኢሳይያስ 37 የቲርሐቅ አገር «ኢትዮጵያ» ይባላል። ቲርሐቅ ደግሞ መቃብሩ በናፓታ አጠገብ የሚገኝ፣ ግብፅን የገዛ የኩሽ ንጉሥ ነው።

ከዚህ ተነሥተው «አክሱም የኢትዮጵያን ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰረቀች» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ችኩል ነው። በአክሱም የቆመው የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፍ በሁለት ቋንቋና በሦስት ፊደል የተቀረጸ ሲሆን ንጉሡ ራሱን የአሬስ ልጅ ይላል፤ ስለዚህ ገና አልተጠመቀም ነበር። በግዕዙ «ሐበሻት» ባለበት ቦታ ግሪኩ «ኢትዮጵያውያን» ይላል። በዚያው የማዕረግ ዝርዝር ውስጥ «ካሱ»፣ ማለትም ኩሽ፣ ለብቻው ተጽፏል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የዒዛና ጸሐፊዎች ኢትዮጵያንና ኩሽን ለይተው ያውቁ ነበር፤ የመጀመሪያውን ለራሳቸው ሕዝብ ሰጡ፣ ሁለተኛውን ለዓባይ ዳር ጎረቤታቸው ተዉት። ስሙ ወደ አክሱም የገባው ከጥምቀቱ በፊት ነው ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግዕዝ ሲተረጎም ግን አንባቢው በነቢያትና በሐዋርያት መጻሕፍት ውስጥ የራሱን አገር ስም አገኘ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አገሮች መለየት ቀላል አልሆነም።

የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ጃንደረባውን ባኮስ ብሎ ክርስትና በ34 ዓ.ም. በእርሱ በኩል እንደ ገባ ያስተምራል፤ ጵጵስናውንም በ4ኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ወደ ተሾመው አባ ሰላማ ያደርሰዋል። ጃንደረባው ወደ አክሱም መጥቶ ሰብኮ ከሆነ ሉቃስ አልነገረንም፤ ሉቃስ የሚነግረን የመርዌን ንግሥት ገንዘብ ይጠብቅ እንደነበር ነው። በእኔ ግምት ትውፊቱን አክብሮ መያዝም፣ የቃሉን ታሪካዊ አድራሻ መርዌ ላይ መተውም ይቻላል። አንዱ ስለ እምነታችን መነሻ ይናገራል፣ ሌላው ስለ አንድ ሰው የሥራ ቦታ።

የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበራትና የአርትዖት ኮሚቴዎች ለሚቀጥለው እትም አንድ አጭር የኅዳግ ማስታወሻ ቢያስገቡ ይበቃል፦ ህንደኬ የመርዌ ንግሥታት ማዕረግ ነው።