«ጠቢብ»፣ «ጠይብ»ና ሽልማት

«ሸለመ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ነገር አጣምሮ ይይዛል። ሙሽራን ማስጌጥ መሸለም ነው፤ ለሠራ ሰው ክብሩን መስጠትም መሸለም ነው። በቀድሞው ሥርዓት ሁለቱ እምብዛም አይለያዩም ነበር። አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋል፤ ዝሆን የጣለ በጆሮው ሎቲ ያንጠለጥላል። በደቡብ ኦሞም ሐመሮችና ዳሰነቾች ዘንድ ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ የገደለ ወንድ ፀጉሩን በሸክላ አፈር ለብጦ ላባ ይሰካበት ነበር። ክብሩ በገላ ላይ ይነበባል፤ አንባቢውም ሥራውን የሚያውቅ ጎረቤት ነው።

የጽሑፍ ሽልማት ከዚህ ይለያል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ከበደ ሚካኤልን፣ በ1966 ደግሞ ገና የ29 ዓመት ወጣት የነበረውን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሸልሟል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት በበኩሉ ጥቆማውን ከሕዝብ መቀበልን ልማድ አደረገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ጠቋሚው ራሱ ማንን «ታላቅ ሰው» ብሎ ለማየት ዓይኑን እንዳለማመደ መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ ጥያቄ ከአሪ ምድር የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ገዘር በቀድሞው የባኮ ገዘር ወረዳ ስም ውስጥ የምትገኝ፣ ኋላም የደቡብ አሪ ወረዳ ማዕከል የሆነች ከተማ ናት። በአሪ ኅብረተሰብ ውስጥ «ካንጻ» የሚባሉት አራሾችና «ማና» የሚባሉት ባለእጆች በጋብቻ አይገናኙም፤ በማዕድም ሲራራቁ ኖረዋል። ሸክላ የሚሠሩት የማና ሴቶች ናቸው። ልጅ በእናቷ ጎን ተቀምጣ ጭቃውን እያድበለበለች ትለምዳለች። አራሹ ከእነርሱ ጋር አብሮ አይብላ እንጂ፣ ድስቱም ጀበናውም የእነርሱ ሥራ ነው።

ጃፓናዊቷ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ሞሪዬ ካኔኮ በእነዚህ ሴቶች ላይ ባደረጉት ጥናት ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ትርጉም ያለው አንድ ቃል አግኝተዋል፤ «አኒ»፣ ማለትም «እጅ»። ገዢዋ አንዱን ድስት ከሌላው የምትለየው በሠሪዋ እጅ ነው። እጇ የተስማማትን ሸክላ ሠሪ ደግሞ ዘወትር ትፈልጋታለች። ድስቱ ፊርማ የለበትም፤ ገዢዋ ግን ባለቤቱን ታውቃለች።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ከማንም የጸዳ አይደለም። ሥራዋ ያማረላትን «እጀ ወርቅ» እንላለን፤ ሰው ያልታወቀ በሽታ ሲይዘው ደግሞ «እጀ ሰብእ» ነው እንላለን። ከግእዙ «ጠቢብ» የወጣው «ጠይብ» ብልኃተኛውን ማመስገኛ መሆን ሲገባው ስድብ ሆኖ ቀረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ መስደብን ከልክለዋል። (ጸሐፊው ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ መዝገብ መግባቱን እኛ ብዕር ያዦቹ ቶሎ መርሳታችን ያስገርማል።) አዋጁ ስድቡን ነቀፈ እንጂ ማዕዱን አንድ አላደረገም።

ባለእጆቹ «ከሌላ ዘር የመጡ ናቸው» የሚለው ግምት ለረጅም ጊዜ በምሁራንም ዘንድ ሲነገር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረ መል ጥናት ግን የአሪ ቀጥቃጮችና አራሾች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የተለያዩ መሆናቸውን አመልክቷል። በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ቀጥቃጮቹ ተገልለው በጥቂት ቁጥር እርስ በርስ ሲጋቡ በመኖራቸው የተፈጠረ ነው። በሌላ አነጋገር፣ መገለሉ ከዘሩ አልመጣም፤ ዘሩን የተለየ ያስመሰለው መገለሉ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ አሪ ከደቡብ ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። በጂንካ ወይም በገዘር የአካባቢውን ታላላቅ ሰዎች የሚሸልም ኮሚቴ ቢቀመጥ፣ የአስተማሪውን፣ የአርበኛውንና የሹሙን ስም ከመዝገብ ያገኛል። የሸክላ ሠሪዋን ስም ግን የሚያገኘው ገበያ ወርዶ ድስት የምትገዛዋን ሴት «የማንን እጅ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ከጠየቀ ብቻ ነው።