ስሙ ለጌታው፣ ልፋቱ ለሎሌው

ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የዓባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ጎጃምን የሚረግጠው በደጀን በኩል ነው። ከተማዋ ከገደሉ አፋፍ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ከማዶ የሰላሌ ደጋ፣ ከወዲህ ደግሞ የቢቸናና የሞጣ አገር ተዘርግቶ ይታያል። ይህን ገደል በቀድሞ ዘመን የሚሻገር መኰንን በበቅሎ ተቀምጦ ይጓዝ ነበር እንጂ ፈረሱን አይነካውም ነበር። ፈረሱ ጀርባው ባዶ ሆኖ፣ በእግሩ በሚሄድ ሎሌ እጅ እየተሳበ ገደሉን ይወርዳል፤ ወንዙን ይሻገራል፤ እንደገና ዳገቱን ይወጣል። ጉልበቱ የሚጠበቀው ለውጊያው ሰዓት ነውና። ድል በተገኘ ጊዜ የፈረሱ ስም በፉከራና በቀረርቶ ይነሣል። በመሪው ጫፍ ላይ የነበረውን ሰው ግን የሚያነሣው የለም።

እንደሚታወቀው በአገራችን ታላላቅ ሰዎች የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ተክለ ሃይማኖትም የፈረስ ስማቸው አባ ጠና ነው። «አባ» የሚለው አጠራር ከኦሮሞ ፈረሰኞች ልማድ ጋር በእጅጉ የተዛመደ ሲሆን፣ ፈረስና ስም በዓባይ ግራና ቀኝ ያሉትን ሕዝቦች ምን ያህል እንዳስተሳሰረ ያሳያል። እንግዲህ ስሙ የፈረሱ ነው ቢባልም ክብሩ የጌታው ነበር። በቤተ መንግሥት የፈረስ ቤቱ አለቃ ባልደራስ ተብሎ ማዕረግ ነበረው። ከእሱ በታች ያሉት፣ ሣር አጫጁ፣ ውሃ አጠጪው፣ ሌሊት ጋጣ ጠባቂው ግን ማዕረግም መታሰቢያም አልነበራቸውም።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚል ምሳሌ አለ። በ1874 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ በእምባቦ የሆነው ነገር ግን ይህን ምሳሌ በሌላ ዓይን እንድንመለከተው ያደርጋል። የጎጃም ሠራዊት ዓባይን ተሻግሮ በሆሮ ጉድሩ ምድር ከሸዋ ሠራዊት ጋር በገጠመ ጊዜ፣ የራስ ጎበና ዳጨ፣ የአባ ጥጉ፣ ፈረሰኞች ለውጊያው ፍጻሜ ወሳኝ ሆነው ተገኙ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። የዚያን ቀን ጀግንነት ለሰዎቹ መሰጠቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ፈረስ በአንድ ቀን አይሠራም። በሜዳው ላይ የታየው ፍጥነት ከዓመታት በፊት በየበረቱ የተጀመረ የብዙ እጆች ሥራ ፍሬ ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ከውርንጭላው ምርጫ ነው። የኢትዮጵያ ፈረሶች በአብዛኛው ቁመታቸው ከ1.40 ሜትር አይበልጥም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተደረገ ጥናት በስምንት ወገን የከፈላቸው ሲሆን፣ እነዚህም የሐበሻ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የኦጋዴን፣ የሰላሌና በዱር የሚኖሩት የቁንዱዶ ፈረሶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የሰላሌው፣ ማለት ከደጀን ፊት ለፊት ባለው ደጋ የሚረባው፣ ለግልቢያ የተመሰገነ ነው። አርቢው ዳማውን ከአምባላዩ፣ ጉራቻውን ከቡላው በመልክ ብቻ አይመርጥም፤ ደረቱን፣ ኮቴውን፣ የእናቱን የባዝራዋን ጠባይ ይመረምራል። ዕድሜውንም በጥርሱ ያነባል። የፈረስ አጥንት ማደጉን እስኪጨርስ ዓመታት እንደሚወስድበት የዛሬው ሳይንስ ያረጋግጣል። ስለዚህ ውርንጭላውን ያለጊዜው ኮርቻ ያልጫነበት፣ ችኩሉን ጌታ «ገና ነው» ብሎ የመለሰ ጠባቂ፣ የብዙ ዓመት ሩጫ ያተረፈ ሰው ነው።

ከምርጫው ቀጥሎ የሚመጣው ጤናውን መጠበቅ ነው። የዓባይ ቆላ ለፈረስ አስጊ ነበር። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው፣ ዘጠኝ ዓይነት ቫይረስ ያለው ደዌ፣ ከትንኝ በሚያንሱ ተናካሽ ነፍሳት አማካይነት ይተላለፋል። የሚበረታውም ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እርጥበትና ሙቀት በተገናኙበት ጊዜ ነው። በቅሎና አህያ ይህን በሽታ ከፈረስ በተሻለ ይቋቋማሉ። ቆላ በበቅሎ፣ ደጋ በፈረስ የሚለው የቀድሞ ሰው ልማድ ለክብር ብቻ የተያዘ አልነበረም ማለት ነው። ቫይረስ የሚባል ነገር ሳይታወቅ፣ ነፍሳቱም ሳይመረመሩ፣ ሎሌው ፈረሱን ከቆላ አሽሽቶ በደጋ ማሳደር እንደሚገባው ከሞቱት ፈረሶች ተምሮ ነበር።

ስለ መሣሪያዎቹም ማንሣት ተገቢ ነው። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ዛቡና የአውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሹ እርካብ የቆዳ ሠሪና የብረት ቀጥቃጭ ሥራዎች ናቸው። ሳይመጣጠን የተሠራ ኮርቻ ጀርባ ይልጣል፤ ያለልክ የተሠራ ልጓም አፍ ያቆስላል። በመሆኑም ፈረሱ ቆስሎ ከሜዳ መቅረቱ ወይም ደኅና ሆኖ መሮጡ በእነዚህ ባለሙያዎች እጅ ላይ ያረፈ ነበር። ሆኖም ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ነቀፌታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ይመሰክራል። መኰንኑ የሚኮራበትን ፈረስ ያስጌጠው እጅ በመኰንኑ አደባባይ የተናቀ እጅ ነበር።

እንዲህ የተዘጋጀ ፈረስ በሰላም ጊዜ የሚፈተነው በጉግስ ነበር። በጥምቀትና በሌሎች በዓላት፣ በሠርግም ቀን፣ ሁለት ወገን ሆነው የሚጋጠሙት ፈረሰኞች ዘንግ እየወረወሩ፣ በጋሻ እየመከቱ፣ በአንድ ጊዜ ሸሽተው በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ። በዕረፍት ላይ በደቂቃ ከ28 እስከ 40 የሚመታው የፈረስ ልብ በዚህ ሽምጥ ግልቢያ ከ200 በላይ ሊመታ ይችላል። ታዛቢው የሚያጨበጭበው ለጋላቢው ነው። ከጨዋታው በፊት በልኩ ያበላውና ያጠጣው፣ ከጨዋታው በኋላም ላቡ እስኪደርቅ ድረስ እየመራ ያንሸራሸረው ሰው በጭብጨባው ውስጥ ድርሻ ያለው አይመስልም።

የፈረስ ስም በጦርነቱ ዘመን እንኳ አልጠፋም። በፋሺስት ወረራ ጊዜ የቢቸና አገር ጀግና ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ተብለው ተጠሩ፤ ጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ቢሞቱም ስሙ እስከ ዛሬ በሕዝብ አፍ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ግን መንገድና መኪና እየተስፋፋ ሲሄድ የጦርና የግልቢያ ፈረስ ቦታ እየጠበበ መጣ፤ ብዙው ፈረስ ወደ ጋሪ ገባ። ከደጀን ወደ ምዕራብ፣ በአዊ ምድር ግን ልማዱ በማኅበር ተጠብቋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። አባላቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በዓድዋ ጦርነት የተሳተፉት ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ፈረሶቹም ይታሰባሉ። በዚህ ማኅበር ፈረሱን የሚያበላውና የሚጋልበው ባላገር ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ጌታና ሎሌ በአንድ ኮርቻ ላይ ተገናኙ ለማለት ይቻላል።

ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይህ ታሪክ የሩቅ ወሬ አይደለም። በቢሾፍቱ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የፈረስ በሽታን ክትባት ሲያዘጋጅ፣ ያ ስሙ ያልተጻፈ ሎሌ በማሽሽ ብቻ ይከላከለው የነበረውን ጠላት በሌላ መሣሪያ መግጠሙ ነው። ባለሙያው የሎሌው ወራሽ ነው። ወራሽም ዕዳ አለበት። በየደጋው ያሉ ሽማግሌዎች ስለ ውርንጭላ ምርጫ፣ ስለ መኖና ስለ ቁስል የሚያውቁትን፣ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ለይቶ፣ ከነተናጋሪው ስም መመዝገብ ይገባል። የጌቶቹን ስም ፉከራው ጠብቆታል፤ የሎሌዎቹን የሚጠብቀው የባለሙያው ደብተር ነው።