የንግድ ቤት መብራት፦ ወጪውና የኃይል ጥራቱ እንዴት ይመረመራል?

የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች በሚገኙበት በሴንት ፖል ስኔሊንግ አቨኒው፣ እንደ መላው ሚኒሶታ ሁሉ፣ ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራቶችን መሸጥ ከጥር 2026 (እ.አ.አ) ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ምክንያቱ በውስጣቸው ያለው ሜርኩሪ ነው። ስለዚህ የተቃጠለውን የሚተካው ኤልኢዲ ነው።

ወጪውን ማስላት አያስቸግርም። 2,500 ዋት የሚወስዱ መብራቶች በቀን 12 ሰዓት ቢበሩ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ይህን በሂሳብ መጠየቂያው ላይ በሰፈረው ዋጋ ማባዛት ነው።

የኃይል ጥራቱ ግን ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። የርካሽ ኤልኢዲ ፓወር ፋክተር እስከ 0.5 ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ 20 ዋት ለሚፈጀው መብራት ሽቦው የ40 ዋት ያህል ጭነት ይሸከማል። በሦስት ፌዝ መስመር ደግሞ ሃርሞኒክስ የሚባለው የሞገድ መዛባት በኒውትራል ሽቦው ላይ እየተደመረ ሊያግለው ይችላል። የትንሽ ሱቅ ቆጣሪ ይህን አያስከፍልም። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መብራቶቹ ከመቀየራቸው በፊትና በኋላ በመለኪያ መሣሪያ ቢፈትሸው ግን ይታያል።