ደረስጌ ማርያም፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ አገር

ደረስጌ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያስታውሰው ዐፄ ቴዎድሮስን ነው። እውነት ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን እዚያው ድል አድርገው፣ በቀናት ውስጥ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጭነው ቴዎድሮስ ተባሉ። ልጆቻችንም በትምህርት ቤት የሚማሩት ይህንኑ ነው። እኛ የማኅበሩ አባላት ግን ቦታውን አይተን ከመጣን ወዲህ በቡና ላይ የምናነሳው ሌላ ሰው ሆኗል፤ የተሸናፊውን ልጅ።

መጀመሪያ ስለ አባቷ ጥቂት እንበል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የሰሜን ገዢ ነበሩ፤ ከ1823 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ትግራይን ጨምረው ያዙ። ጉልበታቸው የመጣው ከእኛው ከሊማሊሞ መንገድ ጭምር ነው ብንል አልተሳሳትንም። ዛሬ አውቶቡስ እያቃሰተ የሚወጣው ጥምዝምዝ መንገድ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በዚሁ ገደል በእግርና በበቅሎ ይወጣ ነበር። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. የወጣው በዚሁ ነው። ጨውም፣ ጨርቅም፣ ጠመንጃም በዚያ ያልፋል። ትግራይንና ሰሜንን አንድ ላይ የያዘ ሰው የባሕሩን በር ያዘ ማለት ነው። ከግብፅ አቡነ ሰላማን ያስመጡትም ውቤ ነበሩ።

ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ውቤ ናቸው። ሥራውን የመራው በአገራችን ብዙ ዕፅዋት የሰበሰበው ጀርመናዊ ሺምፐር እንደነበር ይነገራል። ውቤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው ነበር ይባላል። ድግሱን ደግሰው ሌላ ሰው በላው።

ልጃቸው ጥሩወርቅ ውቤ ናቸው። የቴዎድሮስ የመጀመሪያ ሚስት እቴጌ ተዋበች ዓሊ በ1850 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ ንጉሡ የምርኮኛቸውን ልጅ አገቡ። እስቲ አስቡት እህቶቻችን፤ አባትሽን ያሰረ፣ አባትሽ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን የነገሠ ሰው ሲያገባሽ! ትዳሩ ሰላም አልነበረውም። አንድ ቀን ንጉሡ ሲገቡ እቴጌይቱ ዳዊታቸውን ከመድገም አልተነሡም ይባላል፤ ለምን ሲባሉም ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው ብለው መለሱ ይላሉ። ይህን ስናወራ ከመካከላችን ያልሳቀ አልነበረም። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን አንዲት እናታችን፣ የንጉሥ ሚስት ሆኖም ከዳዊት በቀር መሸሸጊያ ማጣት አለ ለካ፣ ብለው ዝም አሰኙን።

ልዑል ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. ተወለደ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅና ንጉሡ ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ እናትና ልጅ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። እቴጌይቱ ታመው በግንቦት በመንገድ ላይ አረፉ፤ ትግራይ ውስጥ በጨለቆት ተቀበሩ። አገራቸው ሰሜን ሳይደርሱ ማለት ነው። የሰባት ዓመቱ ልጅ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ሄደ፤ በ18 ዓመቱ በ1872 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ቀርቦ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለውም። ጋዜጣው ሁሉ ስለ ልጁ ሲጽፍ እናቲቱን በአንድ መስመር ያልፋቸዋል።

ደረስጌ ያለችው በጃናሞራ፣ በመካነ ብርሃን አካባቢ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ በፓርኩ ውስጥ በሳንቃበርና በጭንቅ አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የቧሂትን በር መሻገር ያስፈልጋል። ቱሪስቱ ግን ጭላዳውንና ዋልያውን አይቶ ከጭንቅ ይመለሳል። ሰሜን ተራሮች ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከቧሂት ማዶ ያለው ታሪክ ግን ጠያቂ የለውም። በስፔን የወይን አገር በሪዮሓ፣ ላጓርዲያ የምትባል በግንብ የታጠረች ጥንታዊ መንደር አለች። ከቤቶቿ ሥር በተቆፈረ ጓዳ የወይን ጠጅ ይቀመጣል፤ እንግዳው ታሪኩን ይሰማል፣ ጠጁን ይቀምሳል፣ ገዝቶም ይሄዳል። እኛ ወይን የለንም። የደጋ ገብስ ጠላ፣ ቆሎ፣ የበግ ጠጉር በርኖስ ግን አለን፤ የሚነገር ታሪክም አላነሰን።

በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ ከጠፋ ወዲህ በቅሎ የሚያከራዩም ምግብ የሚያበስሉም አባሎቻችን ምን እንደደረሰባቸው ለእናንተ መንገር አያሻም። ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሲሆንና እንግዳ ሲመለስ ደረስጌን የምታስጎበኝ ሴት ከቴዎድሮስ ዘውድ ጋር የጥሩወርቅንም ታሪክ አስተካክላ እንድትናገር ሦስት አባላት ከካህናቱና ከአካባቢው እናቶች እየጠየቁ እንዲጽፉ መርጠናል። ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ በወሩ ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። ለቀጣዩ ጉዞ የምትመዘገቡም ጋቢ አትርሱ፤ ቧሂት ላይ በቀትርም ይበርዳል።